ከጋቢናው ሲታይ

«ባቡር» የምንለው ቃል ከሥሩ ሲታይ እንፋሎት ማለት ነው። ጣሊያኑ «ቫፖሬ»፣ ፈረንሳዩ «ቫፐር» የሚለውን ቱርኩ ወስዶ «ቫፑር» አለው፤ ዓረቡ ደግሞ በአንደበቱ ልክ «ባቡር» ብሎ ቀረጸውና ቃሉ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እኛ ዘንድ ደረሰ። የኛ ሰው ታዲያ ቃሉን አንዴ ካገኘው በኋላ አልሰሰተለትም። በሃዲድ ላይ የሚሄደውን የምድር ባቡር አለው፤ አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ያስመጣውን በእንፋሎት የሚሠራ መንገድ ዳማጭ የሰርኪስ ባቡር አለው፤ የእህል ወፍጮውንም ባቡር አለው። ዛሬም እናት ልጇን «እህሉን ባቡር ቤት አድርሰህ ና» ስትለው፣ ወፍጮው የሚዞረው በናፍጣ ወይም በመብራት ቢሆንም፣ ከአፏ የሚወጣው ቃል ከምድጃና ከፈላ ውሃ የመጣ ነው። እንፋሎቱ ከአገር ጠፍቶ ስሙ ብቻ ቀርቷል ማለት ነው።

ስሙ የቀረልንን ያህል ታሪኩስ ቀርቶልናል ወይ? ጥያቄው ይኸ ነው። በትምህርት ቤት የተማርነውን ሁላችንም እናውቃለን። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1894 ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ ሰጡ፤ ኢልግ ከፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍኔ ጋር ኩባንያ አቋቋመ፤ በ1897 ከጅቡቲ በኩል ሥራው ተጀመረ፤ በ1902 መጨረሻ ሃዲዱ ድሬዳዋ ገባ፤ ኩባንያው ከሰረ፤ በ1908 ሌላ ኩባንያ ተተካ፤ በ1917 ሃዲዱ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር። ፈተና ላይ ይህን የጻፈ ሙሉ ማርክ ያገኛል። ሐሰት የለበትም። ነገር ግን ይኸ ታሪክ የተጻፈው ከቢሮ መስኮትና ከሳሎን ወንበር ነው። ሜይ 2 ቀን 1936 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባን ለቀው ወደ ጅቡቲ ሲሳፈሩ ሳሎኑ ውስጥ እነማን እንደነበሩ፣ ከመሄዳቸው በፊት በቤተ መንግሥት ምን ክርክር እንደተደረገ እናነባለን። ያ ባቡር ግን በንጉሥ ትእዛዝ አልተነቃነቀም። የተነቃነቀው አንድ ሰው ሌሊት ተነስቶ እሳት ስላነደደ፣ ሌላ ሰው ደግሞ የእንፋሎቱን መክፈቻ ስለጎተተ ነው።

በዚህ ጽሑፍ እንግዲህ ከሳሎኑ ወርደን ወደ ፊት እንሂድና ጋቢናው ውስጥ እንውጣ። እዚያ የወጣ ሰው ምን ያያል? ምን ይሰማል? ምንስ ሊደርስበት ይችላል? ይህን ካወቅን የባቡርን ታሪክ ሌላ ገጹን ማንበብ እንችላለን።

፩. ጋቢና ያልነበረበት ጊዜ

መጀመሪያ ነገር ጋቢና የሚባል አልነበረም። በኦክቶበር 1829 እንግሊዝ አገር ሬይንሂል በተባለ ቦታ የሎኮሞቲቭ ውድድር ተደርጎ የእስቲፈንሰኖች «ሮኬት» የ500 ፓውንድ ሽልማቱን ሲወስድ፣ ነጂው የሚቆምበት ከኋላ ያለ ጠባብ መደብ ብቻ ነበር፤ ጣሪያም ግድግዳም የለው። በ1830 በጋ፣ የሊቨርፑልና ማንችስተር መስመር ከመከፈቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ወጣቷ የቴያትር ተዋናይ ፋኒ ኬምብል ከጆርጅ እስቲፈንሰን ጎን ሆና እንድትሄድ ተጋበዘች። በጻፈችው ደብዳቤ ሎኮሞቲቩን ውሃ እየጠጣች ከሰል እንደምትበላ ትንሽ ፈረስ አድርጋ ነው የሳለቻት። ስለ ሞተሩ ጋቢና ተሳፋሪ ሆኖ ከጻፉት ሰዎች ከመጀመሪያዎቹ አንዷ እሷ ናት ማለት ይቻላል።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ፣ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1830፣ መስመሩ ሲመረቅ ያው ሮኬት የፓርላማ አባል የነበረውን ዊልያም ሃስኪሰንን ገጨውና እዚያው ዕለት ማታ ሞተ። የባቡር ታሪክ ገና በምረቃው ቀን ደስታንና ሐዘንን አንድ ላይ አስመዘገበ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ነጂዎቹ በዝናብና በበረዶ፣ በሰዓት 50 እና 60 ኪሎ ሜትር በሚከንፍ ነገር ላይ ቆመው ነበር የሚሠሩት። ትንሽ ቆይቶ ከፊት ለፊት መስኮት ያለው ነፋስ መከላከያ ብረት መጣ፤ ቀጥሎ ጣሪያ፤ ቀጥሎ የጎን ግድግዳ። «ከተመቻቸው እንቅልፍ ይወስዳቸዋል» የሚል ክርክር ሁሉ ተነስቶ ነበር። ነገሩ ይገርማል! ተሳፋሪው ቬሉተር ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያንቀላፋ ማንም አልተጨነቀም፤ የጭንቀቱ ሁሉ ዒላማ የቆመው ሰው ነው።

፪. ስትወጡ

ጋቢናው ከሩቅ እንደሚታየው ዝቅ ያለ አይደለም። ሁለቱን የብረት መያዣዎች ጨብጣችሁ፣ ደረጃውን ረግጣችሁ፣ ራሳችሁን ወደ ላይ መሳብ አለባችሁ። መያዣው ዘይትና ጥላሸት ነው፤ እጃችሁ ገና ሳትገቡ ይጠቁራል። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ የወጣ ሰው ካለ ራሱን ይውቀስ።

ውስጡ እንደ መኪና ጋቢና አይደለም። መሪ የለውም፤ መንገዱን የሚመርጠው ሃዲዱ ነው። ፊት ለፊት የምታዩት ግዙፍ የቦይለር ጀርባ ነው፤ ቱቦ በቱቦ፣ መዘውር በመዘውር። መሐል ላይ የምድጃው በር አለ። ከላይ ረጅም እጀታ አለ፤ እንፋሎቱን ከቦይለሩ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚለቀው እሱ ነው። በነጂው በኩል ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚወስነው ማርሽ አለ። ይኸ ማርሽ አቅጣጫ መቀየር ብቻ ሳይሆን፣ በእያንዳንዱ የፒስተን ምት ምን ያህል እንፋሎት ይግባ የሚለውንም ይቆጥባል። ጎበዝ ነጂ ሲነሳ ሰፋ አድርጎ ይከፍትና ፍጥነት ባገኘ መጠን እያሳጠረ ይሄዳል። የገባው ጥቂት እንፋሎት ራሱ እየተለጠጠ ፒስተኑን ይገፋለታል። ፊዚክስ ክፍል በሰሌዳ ላይ የሚሳለው የጋዝ መለጠጥ እዚህ በክንድ የሚሠራ ሥራ ነው።

ሁለት ሰዎች አሉ፤ ነጂውና እሳት አንዳጁ። ጣሊያኖች ማኪኒስታና ፎኪስታ ይሏቸዋል። ሦስተኛ ሰው ሆናችሁ ስትገቡ መጀመሪያ የምትማሩት የት እንደማትቆሙ ነው። አካፋው ከከሰሉ ክምር እስከ ምድጃው በር በሚወዛወዝበት መስመር ላይ የቆመ ሰው ወይ ጉልበቱን ይመታል ወይ ሥራ ያበላሻል። ከሰሉ ከኋላ በተቀጠለ ጋሪ የሚጫን ከሆነ ደግሞ ጋቢናውንና ጋሪውን የሚያገናኘው የብረት ወለል በየኩርባው ይንሸራተታል፤ እግር የቀረቀረ ወየውለት።

ሙቀቱን በሚመለከት አንድ ነገር ልብ በሉ። የምድጃው በር ሲከፈት ፊታችሁ ይጠበሳል፤ ጀርባችሁ ግን በነፋስ ይበርዳል። እሳቱ ከአንድ ሺህ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፤ ነጭ ሆኖ ስለሚያንጸባርቅ ከሰሉ የት እንደሳሳ ለማየት ልምድ ያለው ዓይን ይጠይቃል። ድምፁም ለብቻው ነው። ሁለት ሲሊንደር ያለው ሎኮሞቲቭ ጎማው አንዴ በዞረ ቁጥር አራት ጊዜ «ጩፍ» ይላል። በዚህ ድምፅ ውስጥ ሁለቱ ሰዎች ብዙ አያወሩም። አንዱ አገጩን ወደ ላይ ሲያነሳ ሌላው ገብቶታል። ነጂው ከረጅሙ ቦይለር የተነሳ የመንገዱን አንድ ወገን ብቻ ነው በደንብ የሚያየው፤ ኩርባው ወደ ሌላው ወገን ሲሆን የሚያየው ባልደረባው ነው። ስለዚህ እሳት አንዳጁ አካፋ ያዥ ብቻ አይደለም፤ የነጂው ሌላኛው ዓይን ነው።

፫. ብርጭቆዋ

ጋቢና ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ትልቁ ነገር ትንሽ ነው። ቁመቷ ከስንዝር ብዙ የማትበልጥ የመስታወት ቱቦ ናት፤ የውሃ መመልከቻ ብርጭቆ። ሁለቱም ሰዎች በየደቂቃው የሚያዩዋት እሷን ነው።

ለምን ቢሉ፣ ምድጃው ያለው ቦይለሩ ውስጥ ነው፤ ጣሪያው በውሃ የተሸፈነ ነው። እሳቱ ከሥር እያቃጠለው ብረቱ የማይቀልጠው ውሃው ከላይ ስለሚያቀዘቅዘው ነው። ውሃው ጎድሎ ጣሪያው ራቁቱን ከቀረ ብረቱ ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ ይሰበራል። ቦይለር ውስጥ ያለው ውሃ ደግሞ የተለመደው የሻይ ውሃ አይደለም። በ12 ወይም 13 አትሞስፌር ግፊት ታምቆ 190 ዲግሪ ገደማ ደርሶም ገና ውሃ ሆኖ የተቀመጠ ነው። ግፊቱ በድንገት ሲለቀቅ ከውሃው ከፊሉ ባንድ አፍታ እንፋሎት ይሆናል፤ አንድ ሊትር ውሃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። ቦይለር ፈነዳ የሚባለው ይኸ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝም በአሜሪካም ብዙ ሰው በዚህ አልቋል።

መከላከያ አላቸው። በምድጃው ጣሪያ ላይ መሐሉ በእርሳስ የተደፈነ ብሎን ይገጠማል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ውሃው ከሸሸ እርሳሱ ቀልጦ እንፋሎቱ ወደ እሳቱ ይፈስሳል፣ ሰዎቹም አደጋው እንደቀረበ ያውቃሉ። ውሃ ማስገባት ራሱ ግን እንዴት ይቻላል? በ12 አትሞስፌር ወደ ውጭ በሚገፋ ነገር ውስጥ ማን ውሃ ያስገባል? ቀድሞ በጎማው የሚንቀሳቀስ ፓምፕ ነበር፤ ሎኮሞቲቩ ከቆመ ፓምፑም ይቆማል። ውሃ ሲጎድል ባቡሩን ያለ ሥራ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንዳት የግድ ነበር። በ1858 ፈረንሳዊው ኦንሪ ዢፋር ኢንጄክተር የተባለውን መሣሪያ ፈለሰፈ። የቦይለሩን እንፋሎት በጠባብ አፍ አሹልኮ በታላቅ ፍጥነት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይለቀዋል፤ እንፋሎቱ ውሃውን ይዞ እየበረደ ወደ ወጣበት ቦይለር መልሶ ይገባል። ነገሩ የማይሆን ይመስላል፤ ግን ይሆናል። የሚሽከረከር አካልም የለውም።

ዳገት ላይ ደግሞ ብርጭቆዋ ትዋሻለች። ባቡሩ ሽቅብ ሲወጣ ውሃው ወደ ኋላ፣ ወደ ምድጃው በኩል ይሰበሰባል፤ ብርጭቆዋም ሙሉ ታሳያለች። ጫፉን አልፎ ቁልቁል ሲዞር ውሃው ወደ ፊት ይሮጣል፤ አሁን ሙሉ የነበረው ባዶ ይሆናል፣ የምድጃውም ጣሪያ ይጋለጣል። ስለዚህ መንገዱን በቃሉ የማያውቅ እሳት አንዳጅ ብርጭቆ ማንበብ አይችልም። ንባቡ ከመስታወቱና ከተራራው አንድ ላይ ነው።

፬. እሳቱና ዋሻው

እሳት ማንደድ ከሰል መከመር የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ከሰል ባንዴ ከተከመረ እሳቱ ይታፈናል፣ ጥቁር ጢስ ይወጣል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ደንቡ ጥቂት በጥቂቱ፣ ቶሎ ቶሎ፣ በሳሳው ቦታ ላይ ነው። ከጢስ መውጫው ቀጭን ሐመር ጢስ የሚወጣለት ሰው ሥራ ያውቃል ይባልለታል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው እሳቱና ጭነቱ የተሳሰሩበት ብልሃት ነው። ከሲሊንደር የወጣው ያገለገለ እንፋሎት በጢስ መውጫው በኩል ሽቅብ ይወረወራል፤ ሲወጣ ጢሱን ይዞት ይሄዳል፤ ጢሱ ሲሄድ በምድጃው ሥር አዲስ አየር ይገባል። ስለዚህ ባቡሩ ይበልጥ በደከመ መጠን እሳቱ ይበልጥ ይጋጋማል። የጭነቱ ክብደት ራሱ ወናፍ ሆነለት። ነጂው እንፋሎቱን ሲዘጋ ግን ወናፉም ይቆማል። ያኔ ማራገቢያ የምትባለውን ቀጭን የእንፋሎት መስመር ቀድሞ ካልከፈተ፣ በተለይ ዋሻ ውስጥ፣ ነበልባሉ በምድጃው በር ወደ ጋቢናው ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። ቅደም ተከተሉን ባንድ ሴኮንድ መዘንጋት ፊትን ያስበላል።

ዋሻ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ጢሱ ከጣሪያው ተመልሶ ጋቢናው ውስጥ ይገባል። ሰዎቹ እርጥብ ጨርቅ በአፍና በአፍንጫቸው ይይዛሉ፣ ጎንበስ ይላሉ፣ ይጠብቃሉ። ባቡሩ እየሄደ እስከሆነ ድረስ ያልፋል። ካልሄደስ? በማርች 1944 መጀመሪያ፣ ጣሊያን ውስጥ ባልቫኖ አጠገብ፣ ሰው የሞላው አንድ የጭነት ባቡር በሁለት ሎኮሞቲቭ እየተሳበ ዋሻ ውስጥ በዳገት ላይ ቆመ። ሃዲዱ እርጥብ ነበር፤ ከሰሉም በጦርነቱ ምክንያት መናኛ ነበር። ከ500 በላይ ሰው በካርቦን ሞኖክሳይድ ታፍኖ እዚያው ሞተ። ብዙዎቹ ለቤተሰባቸው ምግብ ፍለጋ የተሳፈሩ ድሆች ነበሩ። ከሰል ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለው የነጋዴ ወሬ ይመስላል፤ ጋቢና ውስጥ ግን የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

፭. የምጽዋ ዳገት

እስካሁን ያልነው ሁሉ ባንድ ቦታ ተሰብስቦ ማየት ለሚፈልግ የምጽዋና የአስመራ መስመር አለ። ጣሊያኖች ከዶጋሊ ጦርነት በኋላ፣ በ1887 እና 1888፣ ከምጽዋ እስከ ሰሐጢ ሃዲድ ዘረጉ፤ ዓላማው ወታደርና ስንቅ ማመላለስ ነበር። በ1904 ጊንዳዕ፣ በ1911 አስመራ ደረሰ። ከባሕር ጠለል ተነስቶ በ118 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። የሃዲዱ ስፋት 95 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ኩርባው፣ ዋሻውና ድልድዩ ብዙ ነው።

እንዲህ ላለው መንገድ ረጅም ሎኮሞቲቭ አይታጠፍለትም፤ አጭሩ ደግሞ ጉልበት ያንሰዋል። መፍትሔው አናቶል ማሌ የተባለ በስዊስ የተወለደ መሐንዲስ በ1884 ያስመዘገበው ዘዴ ነበር። ባንድ ቦይለር ሥር ሁለት የጎማ ስብስብ ይደረጋል፤ የፊተኛው በኩርባ ላይ ይታጠፋል። እንፋሎቱ መጀመሪያ በኋለኞቹ ትንንሽ ሲሊንደሮች ይሠራና ሳይጣል በፊተኞቹ ትልልቅ ሲሊንደሮች ዳግም ይሠራል። አንድ እንፋሎት ሁለት ጊዜ ይሠራል ማለት ነው። አንሳልዶ በ1938 የሠራቸው ማሌዎች በዚህ ዳገት ላይ ስም ያተረፉ ናቸው።

በ1970ዎቹ ጦርነቱ መስመሩን ዘጋው። ሃዲዱና ብረቱ ተነቅሎ የምሽግ ማጠናከሪያ ሆነ። ኤርትራ ነጻ ከወጣች በኋላ፣ በ1994፣ መልሶ ለመሥራት ሲታሰብ የውጭ ኩባንያዎች የጠየቁት ገንዘብ ብዙ ነበር፤ ስለዚህ በራስ አቅም ይሠራ ተባለ። ታዲያ ማን ነው የሚያውቀው? ሎኮሞቲቮቹ ቆመው ዝገዋል። የሠሩት አገሮች እንፋሎትን ከተዉ ቆይተዋል። የሚያውቁት ጡረታ የወጡት የምድር ባቡር ሠራተኞች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ሰባና ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌዎች። ተጠሩና መጡ። ሃዲዱን ከየምሽጉ እየሰበሰቡ፣ ማሌዎቹን እየፈቱና እየገጠሙ፣ ወጣቶችን እያስተማሩ ሠሩ፤ በ2003 ባቡሩ ከምጽዋ አስመራ ገባ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። በየትኛው ቤተ መዛግብት ነበር ያ እውቀት ተቀምጦ የነበረው? በእነዚያ ሽማግሌዎች እጅ ነው። ብርጭቆዋ የት ቦታ ላይ እንደምትዋሽ፣ የትኛው ዋሻ ጢስ እንደሚያጠራቅም፣ የትኛው ኩርባ ላይ ማራገቢያው መከፈት እንዳለበት። አሥር ዓመት ቢዘገዩ ኖሮ ጠያቂው መልስ ሰጪ አያገኝም ነበር።

፮. ማን ይታወሳል?

ጋቢናው ጠባብ ስለሆነ ሁለቱን ሰዎች እኩል ያደርጋቸዋል፤ ቦይለሩ ከፈነዳ ማን አለቃ እንደሆነ አይጠይቅም። ከጋቢናው ውጭ ግን እንዲህ አይደለም።

በእንግሊዝ አንድ ልጅ ሎኮሞቲቭ ወልዋይ ሆኖ ይገባል፤ ከዚያ እሳት አንዳጅ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ነጂ ይሆናል። መሰላሉ ረጅም ነው፤ ግን መሰላል ነው። በ1928 ከለንደን ኤዲንብራ 632 ኪሎ ሜትር ያህል ያለማቋረጥ የሚሄደው ባቡር ሲጀመር ሥራው ለሁለት ሰው ከበደ፤ ስለዚህ ከከሰሉ ጋሪ ጎን ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ጠባብ መተላለፊያ ተሠራና ከመንገዱ አጋማሽ ላይ ሌሎች ሁለት ሰዎች ከተሳፋሪው ክፍል መጥተው ይተኳቸው ጀመር። ድካማቸው ተቆጥሮላቸዋል ማለት ነው።

በአሜሪካ ደቡብ ግን መሰላሉ መሐል ላይ ተቆርጦ ነበር። ጥቁር ሰው እሳት አንዳጅ እንዲሆን ይፈለጋል፤ ነጂ እንዲሆን ግን አይፈቀድም። ሀያ ዓመት ነጂው ጎን ቆሞ ሥራውን እያየ ቢያውቀውም ከአካፋው ወደ እጀታው ሊሻገር አይችልም። ሎኮሞቲቮቹ እየተሻሻሉ የእሳት ሥራው ሲቀልል ደግሞ ያንኑ አካፋ ሊነጥቁት ተነሱ። የአላባማው እሳት አንዳጅ ቤስተር ስቲል በኩባንያውና በነጮች ብቻ በተቋቋመው ማኅበር ላይ ክስ መሠረተ፤ ጉዳዩን ዝነኛው ጥቁር ጠበቃ ቻርልስ ሃምልተን ሂውስተን ያዘለት። በዲሴምበር 1944 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማኅበሩ የሚወክላቸውን ሁሉ ያለ ዘር ልዩነት የመወከል ግዴታ አለበት ብሎ ፈረደለት።

ኬሲ ጆንስ የሚባለውን ነጂ ስም ብዙ ሰው ሰምቷል። ኤፕሪል 30 ቀን 1900 ሚሲሲፒ ውስጥ ቮን አጠገብ ባቡሩ ከፊቱ ከቆመ ባቡር ጋር ሲጋጭ፣ እሳት አንዳጁን «ዝለል» ብሎ እሱ ፍሬኑን ይዞ ቀረና ብቻውን ሞተ። እሳት አንዳጁ ጥቁሩ ሲም ዌብ ነበር፤ ዘሎ ተረፈ። ዘፈኑን መጀመሪያ ያንጎራጎረው ዋላስ ሳውንደርስ የሚባል ጥቁር ሎኮሞቲቭ ወልዋይ ነው። ዘፈኑ በዓለም ዞረ፤ የዘፈነው ሰው ስም ግን ስንቱ ጋ ደረሰ?

ሌላም አለ። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1957 በእንግሊዝ፣ ከበክስተን የተነሳ የጭነት ባቡር ዳገት እየወጣ ሳለ የፍሬኑ የእንፋሎት ቱቦ ጋቢናው ውስጥ ተሰበረ። የሚፈላ እንፋሎት ጋቢናውን ሞላው፤ ፍሬኑም ከሥራ ውጭ ሆነ። ነጂው ጆን አክሰን እሳት አንዳጁን ሮን ስካንለንን ወርዶ የፉርጎዎቹን ፍሬን በእጁ እንዲይዝ አዘዘው። ራሱ ግን አልወረደም። ባቡሩ ጫፉን አልፎ ቁልቁል ሲንደረደር ከጋቢናው ጎን ተንጠልጥሎ ሳለ ለምልክት ሰጪው በእጁ እያመለከተ ባቡሩ ከቁጥጥር ውጭ መሆኑን አስታወቀ። ከፊቱ ካለው ባቡር ጋር ተጋጭቶ ሞተ፤ የዚያኛው ባቡር ጠባቂም ሞተ። ለአክሰን ከሞተ በኋላ የጆርጅ መስቀል ተሸለመለት፤ በ1958 ስለ እሱ በሠራተኞች ድምፅና በዘፈን የተሠራ የራዲዮ ፕሮግራም ተላለፈ። ፕሮግራሙ የተሠራው የሥራ ባልደረቦቹ ራሳቸው ሲናገሩ ተቀርጾ ነው። ይኸ ዘዴ እንግዲህ ለኛም ትምህርት ነው።

፯. ለኛስ?

በጅቡቲና በአዲስ አበባ መስመር እንፋሎት የቆየው እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከዚያ ናፍጣው ተካው። ባቡሩ በቀን ብቻ እየሄደ ድሬዳዋና አዋሽ ላይ እያደረ ሦስት ቀን ይፈጅበት የነበረውን ዘመን ጋቢናው ውስጥ ሆኖ ያሳለፈ ሰው ዛሬ ፈልጎ ማግኘት የሚቻል አይመስለኝም። በዚያ በረሃ፣ ውሃ ብርቅ በሆነበት አገር፣ ውሃ የሚጠጣ ማሽን እንዴት እንደነዱ ሊነግረን የሚችለው አፍ ተዘግቷል። የኩባንያው ሒሳብ ምን ያህል ከሰል እንደተገዛ ይነግረን ይሆናል፤ አካፋውን የያዘው ሰው ፊቱ እንዴት እንደተጠበሰ ግን አይነግረንም።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በ2016 አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ተመረቀ፤ የድሮው ሃዲድ ዘመን አብቅቷል። የናፍጣው ዘመን ሰዎች ግን አሉ። ድሬዳዋ ውስጥ፣ ለገሃር አካባቢ፣ ጡረታ ወጥተው ቡና የሚጠጡ የቀድሞ ነጂዎች፣ መካኒኮች፣ ሃዲድ ጠጋኞች፣ ፍሬን ያዦች አሉ። ልጆቻቸው ወሬውን ስለሰለቹት አይሰሟቸውም፤ እኛ ደግሞ ከመጽሐፍ ውጭ ታሪክ ያለ አይመስለንም። በእንፋሎቱ የሆነው በናፍጣውም ሊሆን ነው። ልዩነቱ፣ የመጀመሪያው ሲጠፋ እኛ አልተወለድንም ነበር፤ የሁለተኛው ሲጠፋ ግን እያየን ነው።

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ጠፋኝ የሚል ተማሪ በየመኝታ ክፍሉ አለ። ርዕሱ ይኸውላችሁ። ደብተርና ስልክ ይዞ ሄዶ፣ አባባ ብሎ ቁጭ ብሎ፣ ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት ምን ታያላችሁ፣ ቁልቁለቱ ላይ ምን ትሰማላችሁ፣ የት ቦታ ትፈራላችሁ ብሎ መጠየቅ ነው። ውሉን ማን ፈረመ የሚለውን ለፈተናው እናውቀዋለን፤ ብርጭቆዋን ማን ያይ ነበር የሚለውን ግን የሚነግሩን እነሱ ብቻ ናቸው፣ የሚነግሩንም ከጠየቅናቸው ነው።